የእናት ስም ያለበት፣ እናት የሌለችበት ውል

በይፋት ቆላ በሬ የሚገዛ ሰው ሻጩን ብቻ አይቶ ገንዘብ አይቆጥርም። ሻጩን የሚያውቅ ሰው ይጠራል፤ ዋስ ይባላል፤ በሬው የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቅ ይያዛል። መሬቱን ለእኩል የሚሰጥ፣ ዕቁብ ቀድሞ የሚወጣለት፣ ልጁን የሚድር፣ ማንኛቸውም ያለ ሰው ፊት አይዋዋሉም። ታዲያ ከዚያው ቆላ፣ ከጀውሃ፣ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ የ18 ወይም የ19 ዓመት ልጅ ከመንግሥት ጋር የሚዋዋለው ውል፣ በሕይወቱ የመጀመሪያውና ምናልባትም ረጅሙ ውል፣ ያለ አባት፣ ያለ እናት፣ ያለ ሽማግሌ በአንድ የምዝገባ አዳራሽ ውስጥ በሰልፍ ተፈርሞ ያልቃል። ስሙም ወጪ መጋራት ይባላል።

ለዘነጋ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስታውስ። በንጉሡም ሆነ በደርግ ዘመን ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ በመንግሥት ወጪ ይማር ነበር፤ ጨርሶ ሲወጣም የሚቆጠርበት የትምህርት ዕዳ አልነበረም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ10ኛ ክፍል በላይ ላለው ትምህርት ተጠቃሚው ወጪ እንዲጋራ አቅጣጫ አስቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ደግሞ ነገሩን በውል አሠረው። ሐሳቡ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 «ተማሪው ሲማር ሳይሆን ሠርቶ ሲያገኝ ይክፈል» የሚል ሥርዓት ተክላ ነበርና። የእኛ ደንብ ሲወጣ እንደተጻፈው ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን በራሱ ስም ያስመዘግባል፤ ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ ቢያንስ 10 በመቶ ከወር ገቢው እየተቆረጠ በ15 ዓመት ውስጥ ይጨርሳል። ዕዳው እስኪዘጋ ድረስ ኦሪጅናል ዲግሪው ከዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት እንደማይወጣ የተመረቀ ሁሉ ያውቃል።

እኔ የወጪ መጋራት ጠላት አይደለሁም። ልጁን ዩኒቨርሲቲ ያላደረሰ ገበሬ በሚከፍለው ግብር የሌላ ሰው ልጅ ሐኪምና መሐንዲስ ሲሆን ኖሯል፤ የተማረው ሰው ከደመወዙ ጥቂት ይመልስ መባሉ ፍርደ ገምድልነት አይደለም። ጠቤ ከቃሉ ጋር ነው። መጋራት በአማርኛ ዋዛ ቃል አይደለም። ማዕድ የሚጋራ ሰው አብሮ ይቀመጣል፤ ማን ምን እንዳቀረበ ይተያያል፤ የጎደለበት ካለ ይታወቃል። በዚህ ውል ውስጥ ግን ከመንግሥት ቀጥሎ ትልቁን ድርሻ የሚያወጣው ወገን ጨርሶ አልተቀመጠም። እሱም ቤተሰቡ ነው።

ጀውሃን አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። ከሸዋሮቢት አልፎ ወደ አጣዬ ሲኬድ፣ የደሴ መንገድ ላይ፣ ስሟን ከወንዟ ጋር የምትጋራ ትንሽ ከተማ ናት። ሙቀቷ ብርቱ ነው። በዙሪያዋ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ማሾና ሽንኩርት ይመረታል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፣ አማራው፣ ኦሮሞውና አርጎባው በገበያዋ ይገናኛሉ። በዚህ አገር አንድ ቤት ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲሰማ መጀመሪያ እልል ይባላል። ማታ ላይ ሒሳቡ ይመጣል። ልጁ ደብረ ብርሃን ከደረሰው ዕድለኛ ነው፤ ጅማ ወይም አርባ ምንጭ ከደረሰው የመሳፈሪያው ብቻ ራሱን የቻለ ጉዳይ ይሆናል። ፍየል ይሸጣል። ዋጋ እስኪያወጣ ሊቆይ የነበረው ማሾ በተገኘው ዋጋ ይወጣል። ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ ሻንጣ፣ ጫማ፣ የመጀመሪያው ወር የኪስ ገንዘብ ይቆጠራል። ቆላ ያደገ ልጅ ደጋ ሲወጣ ወፍራም ጃኬት ይፈልጋል፤ እሱንም ሸዋሮቢት ከልባሽ ጨርቅ ተራ መፈለግ ነው። ከዚያ በኋላ በየወሩ ለፎቶኮፒ፣ ለሳሙና፣ ለስልክ ካርድ በቴሌብር የሚላከው ይቀጥላል። «ላፕቶፕ ያስፈልጋል ተባልን» የሚለው ስልክ የመጣ ቀን ቤቱ ዝም ይላል።

ይህ ሁሉ ገንዘብ በየትኛውም የወጪ መጋራት ቅጽ ላይ አልተጻፈም። ደብተሮቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ዩኒቨርሲቲው የያዘው ነው፤ እንጀራውን፣ አልጋውንና መምህሩን ይቆጥራል። ሁለተኛውን እናት በጭንቅላቷ ይዛዋለች። ሁለቱ ደብተሮች ተገናኝተው አያውቁም። ተማሪው ሁለቱንም በየፊናቸው ያያል፤ ለዩኒቨርሲቲው የቤቱን አይነግርም፣ ለቤቱም የዩኒቨርሲቲውን አይነግርም።

ለምን አይነግርም? ብዙውን ጊዜ ራሱም አልገባውም። ጠዋት ከመናኸሪያ ሻንጣውን ተሸክሞ የደረሰ ልጅ መኝታ ክፍል ለማግኘት ተሰልፎ ሳለ አንድ ወረቀት ይሰጠዋል። ሌሎቹ ሲፈርሙ ይፈርማል። ወረቀቱ ስለ 15 ዓመት የሚናገር መሆኑን፣ ካፌ መብላትና በገንዘብ ተቀብሎ ውጭ መብላት የሚባል ምርጫ እንዳለበት፣ የፈረመውን ቅጂ መያዝ እንዳለበት ቁጭ ብሎ የሚነግረው ሰው አያገኝም። እኔ የማውቃት አንዲት የጀውሃ እናት ልጇ ተመርቆ ሲመጣ ዲግሪውን አሳየኝ አለችው። የያዘው ጊዜያዊውን ወረቀት ነበር። ዋናውስ ብትለው ዕዳው እስኪከፈል እዚያው እንደሚቆይ ነገራት። እኔ ዘንድ መጥታ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጋሼ፣ መያዣ ያዙበት ማለት ነው? እኔ እኮ በነፃ ነው የሚማር ብለውኝ ነበር።» በነፃ ነው ያላት ማን እንደሆነ አታስታውስም። ሁሉም ሰው ነው ያላት።

በዚያ ቅጽ ላይ የእናትን ስም የሚጠይቅ መስመር አለ። ይህን ልብ በሉልኝ። ሴትዮዋ ስሟ ከነአድራሻዋ ሰፍሯል፤ ነገር ግን ማንም አልጠራትም፣ ማንም አላነበበላትም፣ ምን እንዳላትና ምን እንደሌላትም ማንም አልጠየቃትም። ስሟ የተፈለገው ባለዕዳው ቢሰወር ፈልጎ ለማግኘት ይመስላል። በእኛ አገር አንድ ሰው ስሙ ዕዳ ላይ ከገባ ቢያንስ ቡና ተፈልቶ ይነገረዋል።

ቀጥሎ ያለው ነገር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ውሉ የቤተሰብን ኑሮ ስለማይጠይቅ ሁሉን እኩል ያደርጋል፤ እኩልነቱ ግን የዳኛ ሳይሆን የዓይነ ስውር ነው። የቦሌው አስመጪ ልጅና የጀውሃዋ ሽንኩርት ቸርቻሪ ልጅ አንድ ዓይነት ቅጽ፣ አንድ ዓይነት ዕዳ ይፈርማሉ። እኩል ናቸው እንበል? ያለው ቤተሰብ አስቀድሞ ከፍሎ ይገላገላል፤ ደንቡም ሲወጣ አስቀድሞ ለሚከፍል ቅናሽ አስቀምጦ ነበር። ስለዚህ ያው እንጀራ ለሀብታሙ ይረክሳል፣ ለድኻው በሙሉ ዋጋው ይቆጠራል ማለት ነው። ይህን ያረቀቁ ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ከፊታቸው የነበረው ተማሪ ብቻ ነበር፤ ከተማሪው ጀርባ ያለው ቤት አልታያቸውም።

የምግቡን ነገር ካነሣን አይቀር፣ ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው ገንዘብ ለብዙ ዓመታት 15 ብር ነበር። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየገበታው 5 ብር። ተማሪዎቻችን በዚያ ገንዘብ ምን ይበሉ እንደነበር ለማወቅ የበሉትን መጠየቅ ይበቃል። ኋላ 22 ብር ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 100 ብር እንዲሆን ተወሰነ። ጥሩ ነው፤ ልጆቹ ይብሉ። ነገር ግን የምግቡ ሒሳብ ሲያድግ ከተማሪው ስም አጠገብ የተጻፈው አኃዝ ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ ሚኒስቴሩ ለጀውሃ አባት ሊመልስለት ይገባል፤ በጋዜጣዊ መግለጫ ሳይሆን አባትየው በሚገባው ቋንቋና ባለበት ቦታ።

እዚህ ላይ የሚነሡብኝን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ተከራክሬባቸዋለሁና።

አንደኛው የሕግ ሰው ክርክር ነው። ልጁ 18 ዓመት ሞልቶታል፣ በሕግ አካለ መጠን ያደረሰ ነው፣ ውሉ የራሱ ነው፣ ወላጅ ምን ጥልቅ አደረገው ይላል። መልካም። አካለ መጠን ያደረሰ ከሆነ የእናቱ ስም ቅጹ ላይ ለምን ተፈለገ? አካለ መጠን ያደረሰ ከሆነ ብርድ ልብሱን ለምን እሱ አልገዛም? ሕጉ ልጁን ሰው አድርጎታል፤ ኑሮው ግን ገና አላደረገውም። ወላጅ ይፈርም አላልሁም። ወላጅ ይስማ፣ ይጠይቅ፣ ልጁም ከመፈረሙ በፊት ከቤቱ ጋር ይምከር ነው ያልሁት። ምክር የማንንም ሕጋዊ ችሎታ አይቀንስም።

ሁለተኛው ክርክር ያናድደኛል። ወላጆቹ ያልተማሩ ናቸው፣ ቢነገራቸውም አይገባቸውም የሚለው ነው። የሚናገሩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የገበሬ ልጆች ናቸው! የጀውሃ ገበሬ ስለ ዕዳ ያልገባው ነገር ምን አለ? የማዳበሪያ ብድር ወስዶ ዝናብ ሲጠፋ ከፍሏል። ዛሬ ፀደይ ባንክ ከሆነው ከያኔው አብቁተ በቡድን ተበድሮ፣ ጓደኛው ሲያቅተው የጓደኛውን ዕዳ ተሸክሟል። ወለድ፣ ዋስትና፣ የክፍያ ቀን፣ ቅጣት፣ ሁሉንም ከእኛ የደመወዝ ሠራተኞች አብልጦ ያውቃል። ያላወቀው የእንግሊዝኛውን ቃል ነው። ካነበባችሁለት ከሒሳብ ሹሙ የተሻለ ጥያቄ ይጠይቃችኋል። «ልጁ ሥራ ባያገኝስ?» ይላል። «መውጫ ፈተናውን ቢወድቅስ?» ይላል። መውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁሉም ተመራቂ ግዴታ ሆኗል፤ ያላለፈ ዲግሪ የለውም፣ የበላውና የተኛበት ግን ተመዝግቧል። ይህ ጥያቄ ከአባት አፍ ቀድሞ ቢወጣ ኖሮ ምናልባት መልስ ይዘጋጅለት ነበር።

ሦስተኛው ክርክር ከበድ ይላል። መንግሥት የቤተሰብን ገቢ እጠይቃለሁ ካለ ሁሉም ይዋሻል፣ ሀብታሙ ድኻ ነኝ ይላል፣ ድኻው ደግሞ ግብር ሊጨመርብኝ ነው ብሎ በሬውን ይደብቃል የሚለው። ይህን በቀልድ የምናልፈው አይደለም። ገቢውን የሚጠይቅ መንግሥትን የሚጠረጥር ሕዝብ ምክንያት አለው።

የሌላውን አገር ልምድ እንየው። አሜሪካ ያለው ወገናችን በየዓመቱ ፋፍሳ ከሚባል ቅጽ ጋር ይታገላል። የፌዴራል መንግሥቱን የትምህርት ርዳታ የሚፈልግ ተማሪ ሁሉ የሚሞላው ነው። የእነሱ ቅጽ የእኛ ተቃራኒ ነው፤ ከተማሪው ይልቅ የወላጁን ኪስ ይፈትሻል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ታክሲ የሚነዳ፣ መኪና ማቆሚያ የሚጠብቅ፣ አረጋውያን የምትንከባከብ ወላጅ ገቢውን ካልገለጸ ልጁ ርዳታውን ሊያገኝ ይቸገራል። የማይመለሰው የፔል ርዳታ ብቻ ለ2024–25 የትምህርት ዘመን እስከ 7,395 ዶላር ይደርስ ነበር። ቀላል ገንዘብ አይደለም። ታዲያ ስንት ቤት ውስጥ ነው ጠብ የሚነሣው! አባት የደመወዙን ልክ ለልጁ ነግሮ አያውቅም፤ አገር ቤት ለሚልከው ገንዘብ ሚስቱም ልኩን አታውቅ ይሆናል። ቅጹን የሚያነበው ልጁ ነው፣ የሚተረጉመው ልጁ ነው፣ የአባቱን ጓዳ የሚያየውም ልጁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ላይ «ቀለል አድርገነዋል» ብለው አዲስ ቅጽ ሲያወጡ ደግሞ የባሰ ሆነ፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌላቸው ወላጆች ለወራት በሩ አልከፈት ብሏቸው ልጆቻቸው ወደ ኋላ ቀሩ። መጤው ቤተሰብ እንደ ልማዱ የመጨረሻው ተሰላፊ ሆነ።

ይሁንና ከዚያ ሥርዓት አንድ የምቀናበት ነገር አለ። የሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ማታ ማታ በራቸውን ከፍተው ወላጅና ልጅን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸዋል፤ ቅጹን የሚያውቅ ሰው መሐላቸው ይገባል፤ እስኪሞላ ድረስ አብሯቸው ያመሻል። ሌላም አለ። የወላጁ ሥራ ቢቋረጥ፣ ቤት ቢቃጠል፣ ሞት ቢመጣ ተማሪው ለዩኒቨርሲቲው የርዳታ ሹም አመልክቶ ሒሳቡ እንደገና እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል።

ኬንያም ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ2023 ተማሪዎችን በቤተሰባቸው አቅም እየከፋፈለች መርዳት ጀመረች። የድኻ ልጅ ከሀብታም ጎራ ተመደብሁ ብሎ ጮኸ፤ ወላጆች አደባባይ ወጡ፤ በታኅሣሥ 2024 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አሠራሩ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈረደ፣ ነገሩም ወደ ይግባኝ ሄደ። ተቃዋሚዎቼ ይህን እንደ ማስረጃ ያቀርቡታል። እኔ ግን የማይበት ሌላ ነገር ነው። የኬንያ ሰው የተጣላው አንድ የማይታይ ቀመር ከሩቅ ሆኖ «አንተ ይህን ነህ» ስላለው ነው። ሰው ስለ ራሱ ኑሮ ሲፈረድበት ፊት ለፊት መሆን ይፈልጋል።

ወደ እኛ ልመለስ። እኛ የቤተሰብን አቅም የምናውቅበት መንገድ የለንም የሚለው እውነት አይደለም። ጀውሃም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በሙከራ ተነሥቶ በየወረዳው በተስፋፋው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ውስጥ መዋጮ መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች በየቀበሌው ተለይተው መዋጮአቸው በመንግሥት ይሸፈንላቸዋል። የገጠር ሴፍቲኔትም በሚሠራባቸው ወረዳዎች የምግብ ዋስትና የሌለው ቤት ተለይቶ ይታወቃል። ዝርዝሩ ፍጹም ነው አልልም፤ ዘመድ አዝማድ የገባበት እንዳለ የቀበሌውን ሰው መጠየቅ ነው። ግን ዝርዝሩ አለ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን እያየ፣ ፊት ለፊት የተሠራ ነው። ጤና ጣቢያ ሲሄድ ድኻ መሆኑን ራሱ መንግሥት ያመነለት ቤተሰብ፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ለምን እንደገና ድኽነቱን እንዲያስመሰክር ይጠየቃል?

ይጠየቃልና! በየዩኒቨርሲቲው ለችግረኛ ተማሪዎች ትንሽ የኪስ ገንዘብ ወይም የጉልበት ሥራ ሲገኝ ልጁ «ከቀበሌህ ማስረጃ አምጣ» ይባላል። አርባ ምንጭ ያለ ልጅ ጀውሃ ካለ ቀበሌ! እናት ሥራ ፈትታ ትመላለሳለች፤ ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ነው፤ ማኅተሙ የተቆለፈበት ነው። ወረቀቱ ሲገኝ ለሚሄድ ሰው ይሰጣል። የደረሰ ዕለት ጊዜው አልፏል ይባላል፤ ካላለፈም ልጁ በክፍል ጓደኞቹ ፊት «የድኻ ድኻ» የሚል ወረቀት ይዞ ይሰለፋል። አንዳንዱ ከዚህ ይልቅ ቁርሱን መተው ይመርጣል። በዚህ ላይ የይፋት ሰው በነዚህ ዓመታት የደረሰበትን ጨምሩበት። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ሸዋሮቢት በጦርነት ተይዛ ስትለቀቅ፣ ስንት ቤት ሰነዱን አጣ? ስንት ነጋዴ በአንድ ሌሊት ተረጂ ሆነ? ሁለተኛ ዓመት ላይ የነበረ ልጁ ከዚያ ቀን በኋላ የኪስ ገንዘብ የሚልክለት አልነበረም። የፈረመው ቅጽ ግን ያው ነበር። የቤተሰብን ኑሮ ቀድሞውኑ ያልጠየቀ ሥርዓት የቤተሰብ ኑሮ ሲፈርስ በምን ያውቃል?

አሁን ደግሞ ለእኛ፣ ለከተማ አንባቢዎችና ለከተማ ዘመዶች። እያንዳንዳችን አንድ ጀውሃ አለን። ምደባ ሲወጣ ስልክ ይደወልልናል፤ «እንኳን ደስ ያላችሁ» እንላለን፣ ጥቂት መቶ ብር በቴሌብር እንልካለን፣ ግዴታችንን ተወጣን ብለን እንተኛለን። ገንዘቡ ጥሩ ነው። ግን ዲግሪ ይዘን፣ ዕዳችንን ከፍለን ወይም እየከፈልን፣ ያን ወረቀት አንድ ጊዜ የፈረምን እኛ ነን። በስልክ ሃያ ደቂቃ ወስደን ለአባትየው ማንበብ የሚያቅተን ለምንድን ነው? ለሰርግ ሦስት ቀን ፈቃድ የሚወስድ ሰው ለዚህ ግማሽ ቀን አያጣም።

ሥራው ብዙ ነው የሚለኝ ሰው ቁጥሩን ይመልከት። የ12ኛ ክፍል ፈተናን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆኑ። በአገር ደረጃ ከ50 ሺህ ያነሱ ልጆች ማለት ነው። በማካካሻ የሚገቡት ሲጨመሩ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ቢሆንም ከአንድ የቆላ ከተማ ት/ቤት የሚያልፉት በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሚያልቁ ናቸው። ርእሰ መምህሩ ስማቸውን በቃሉ ያውቀዋል። እነዚህን ከወላጆቻቸው ጋር አንድ ቅዳሜ መጥራት የበጀት ጥያቄ አይደለም። ውሉ በአማርኛ፣ እንደ አካባቢውም በኦሮምኛ ይነበብ፤ ዕዳው ምን ምን እንደሚያካትት፣ መቼ መከፈል እንደሚጀምር፣ ልጁ ቢያቋርጥ ምን እንደሚሆን ይነገር፤ የጤና መድኑ ዝርዝር ውስጥ ያሉት ቤተሰቦች ስም በቀጥታ ከወረዳው ለዩኒቨርሲቲው ይተላለፍና ልጁ ደብዳቤ ተሸካሚ መሆኑ ይቅርለት። ለእነዚያም ልጆች የኪስ ገንዘብ ይቆረጥላቸው፤ ልመና ሳይሆን መብት ሆኖ። ቤቱ የወደቀበት ተማሪ የሚያመለክትበት አንድ ቢሮ፣ አንድ ኃላፊ በየዩኒቨርሲቲው ይኑር።

አይቸኩል የሚባል ጊዜም አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1294 ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸውን ችለው የሚተዳደሩበትን መንገድ ከፍቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ገብቶበታል። ራሱን የሚችል ተቋም ገቢ ይፈልጋል፤ ገቢ ደግሞ ከከፋይ ይመጣል። ነገ «ማን ይከፍላል፣ ማንስ ይረዳ» የሚለው ጥያቄ ዛሬ እንደምናየው በአንድ ቅጽ የሚድበሰበስ አይሆንም። ያኔ የጀውሃ ቤተሰብ ምን እንዳለውና ምን እንደሌለው የሚናገርበት ልማድ ካልያዘ፣ ስለ እሱ የሚናገርለት ያው የማይታይ ቀመር ነው።

እስከዚያው ግን ማንንም ፈቃድ ሳንጠይቅ ማድረግ የምንችለው አለ። ጀውሃ ውስጥ በአንድ ቤት ዋና ዋና ወረቀት የሚቀመጥበት ቦታ የታወቀ ነው፤ የመሬት ይዞታ ደብተሩ፣ የጤና መድን መታወቂያውና የማዳበሪያ ደረሰኙ በአንድ ፌስታል ተጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ናቸው። ልጁ የፈረመውን ውል በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይላክ፤ ሸዋሮቢት ወርዶ የሚያሳትመው አይጠፋም። ለእናቱ ይነበብላትና እዚያው ፌስታል ውስጥ ይግባ።